ያልለካሁትን አልጽፍም



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ደውለው «ስለ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ማን እንደሚመጣ ነበር። በሆስፒታል ራጅ ክፍል የሚሠሩ እንዳሉ ነገሩኝ። ሌሊት ሌሊት የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሕንፃ የሚያጸዱ እንዳሉ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የሚገቡ ልጆችም እንደሚመጡ ነገሩኝ። እንግዲያውስ እመጣለሁ አልኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአማርኛ ስለዚህ ሥራ እንድናገር ስጋበዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚህ ዕድል ከልቤ አመሰግናለሁ።

ርእሴ አንድ ነው። ማንም ሊያየው፣ ሊያሸተው፣ ሊዳስሰው በማይችል ነገር ላይ ለሌላ ሰው ምስክር ስለ መሆን እናገራለሁ። አባቶቻችን «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ። ጨረርን ግን ዓይን አያየውም። ታዲያ ልብ በምን ይፍረድ? ሌላ ሰው ለክቶ በጻፈው ቁጥር ነው የሚፈርደው። ያን ቁጥር ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ የምንለካው ነገር ምን ያህል ሊያሳስበን እንደሚገባ፣ በመጨረሻም ይህን ሥራ ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት ከባድ ስለሚያደርገው ነገር እናገራለሁ።

አንደኛውን ልጀምር።

የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጨረር ደኅንነት ክፍል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ የኑክሌር ማመንጫ ይታየዋል። እኛ ዘንድ ያሉት የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ዲኤንኤ ላይ ምልክት ለማድረግ ፎስፎረስ 32 ይጠቀማሉ። አንድ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል ትሪቲየም ወይም ካርቦን 14 ይጠቀማሉ። ሆርሞን ለመለካት አዮዲን 125 አለ። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በጠብታ የሚለካ ፈሳሽ ነው፤ የሚመጣውም ጣት በምታህል ብልቃጥ ነው።

ጠዋት ሥራዬ የሚጀምረው ከዕቃ መቀበያው ነው። ምልክት ያለበት የጨረር ጥቅል በሥራ ሰዓት ከደረሰ፣ በዚህ አገር ሕግ በ3 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ መፈተሽ አለበት። ካርቶኑ ረጥቧል? ተጨፍልቋል? ላዩን በወረቀት እጠርጋለሁ፣ በመሣሪያ እለካለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ከዚያ ወደ ባለቤቱ አደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ቤተ ሙከራዎቹን መዞር ነው። በወር በወሩ ወይም በየሳምንቱ የምጎበኛቸው አሉ፤ እንደየአጠቃቀማቸው ይለያያል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሥራው ሁሉ ፍሬ እዚህ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም የሚታየውን፣ ጠቅ ጠቅ የሚለውን የጋይገር መሣሪያ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ፎስፎረስ 32ን ወዲያው ይይዛል። ትሪቲየምን ግን አይሰማውም። የትሪቲየም ጨረር ከመድከሙ የተነሣ የመሣሪያውን ስስ ሽፋን እንኳ አያልፍም። ጠረጴዛው በትሪቲየም ተበክሎ መሣሪያው ዝም ሊል ይችላል። መሣሪያ ዝም አለ ማለት ቦታው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ አለን። ክብ ቁራጭ ወረቀት ይዤ የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ እጠርጋለሁ፤ ወረቀቱን ልዩ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እጨምራለሁ። ያ ፈሳሽ ጨረር ሲነካው በጣም ደካማ ብርሃን ብልጭ ይላል። ቆጣሪው ማሽን ብልቃጡን ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ብልጭታውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወለሉን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የማቀዝቀዣውን እጀታ፣ ስልኩን፣ የበሩን መክፈቻ፣ ሁሉንም እንደዚያ እጠርጋለሁ። የሰው እጅ በሚደርስበት ሁሉ የእኔ ወረቀት መድረስ አለበት።

ቆሻሻውንም የምንሰበስበው እኛ ነን። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ታግዘናለች። ፎስፎረስ 32 በየ14 ቀኑ ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ ይህን ጊዜ ግማሽ ዕድሜ እንለዋለን። በሕጉ ግማሽ ዕድሜው ከ120 ቀን በታች የሆነን ነገር ቆልፈን አስቀምጠን እንዲጠፋ መጠበቅ እንችላለን። እኛ 10 ግማሽ ዕድሜ እንጠብቃለን፤ ለፎስፎረስ 5 ወር ያህል ነው። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ለክተን፣ መሣሪያው በአካባቢው ካለው የተፈጥሮ ጨረር የተለየ ነገር እንደማያሳይ አይተን፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን ፍቀን እንጥለዋለን። ካርቦን 14 ግን ግማሽ ዕድሜው 5,700 ዓመት ያህል ነው፤ እሱን መጠበቅ የማንም ዕድሜ አይበቃውም፤ ፈቃድ ወዳለው ማስወገጃ ይላካል።

የሚቀሩትን ሥራዎች ቶሎ ቶሎ ላልፋቸው። በብረት የታሸጉ ምንጮች እንዳያፈሱ እንፈትሻለን፣ መሣሪያዎቻችን በየዓመቱ ልካቸው እንዲስተካከል እንልካለን፣ አዲስ ተማሪዎችን እናሠለጥናለን፣ ደረት ላይና ጣት ላይ የሚደረገውን የጨረር መመዝገቢያ ባጅ እናድላለን፣ እንሰበስባለን። በራጅ ክፍል የምትሠሩ ባጁን ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ስለምሰማ ልናገር፤ ባጁ ከጨረር አይከላከልም። ያገኛችሁን ይመዘግባል እንጂ። ስለዚህ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ለባልደረባም አታውሱት። የእናንተ ታሪክ ነው የሚጻፍበት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይህ ነገር ምን ያህል ሊያሳስበን ይገባል?

ጨረር ከእኛ ጋር የኖረ ነገር ነው። ከአፈርና ከድንጋይ ይወጣል፣ ከጠፈር ይወርዳል፣ በምንበላው ሙዝና ድንች ውስጥ ባለው ፖታሲየም ውስጥ አለ፤ በአጥንታችንና በሥጋችንም አለ። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት ያገኘው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከጠፈር የሚወርደው ጨረር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለችው ባልቲሞር ይበልጥባታል። የአንድ የደረት ራጅ መጠን 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከ5 እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ የጨረር ሠራተኛ በዓመት ከ50 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ተወስኗል። ከእኛ ዓይነት ሥራ የተነሣ ሌላው ሰው በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ ማግኘት የለበትም።

እነዚህን ቁጥሮች የነገርኳችሁ ፍርሃታችን ልክ እንዲኖረው ነው። በማኅበረሰባችን ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ «ጨረር አለው» ብለው የሚተዉ እናቶች አውቃለሁ። እባካችሁ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ አትተዉ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ያም ከኮባልት 60 በሚወጣ ጨረር ነበር። ወረፋው ምን ይመስል እንደነበር ዘመድ ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ወራት ሲጠብቀው የኖረው መድኃኒት ጨረር ነው።

ከሚገባው በላይ ላለማግኘት ደግሞ ሦስት መንገዶች አሉ። ጊዜ ማሳጠር፣ መራቅ፣ መጋረድ። የከሰል ምድጃ አስቡ። ከምድጃው ራቅ ስትሉ ሙቀቱ ፈጥኖ ይቀንሳል። ጨረርም ከትንሽ ምንጭ ሲወጣ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለ መጋረድ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «እርሳስ ካለ ምን እሆናለሁ» ይላል። ለራጅ እርሳስ ትክክል ነው። ፎስፎረስ 32 የሚረጨው ቤታ ቅንጣት ግን ከባድ ብረት ሲመታ ራሱ ሌላ ራጅ ይፈጥራል። ስለዚህ ለእሱ መጀመሪያ የምናቆመው የጣት ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ፕሌክሲግላስ የሚባለው። ምን ዓይነት ጨረር እንደሆነ ሳያውቁ የሚያቆሙት ጋሻ ሊያታልል ይችላል።

ለእኅቶቼ አንድ ቃል ልጨምር። በጨረር አካባቢ የምትሠራ ሴት እርግዝናዋን በጽሑፍ ካሳወቀች፣ በእርግዝናው ጊዜ ሁሉ ፅንሱ ከ5 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኝ አሠሪው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቅ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ማንም አያስገድዳትም። ይህን መብት የማያውቁ ብዙዎች አጋጥመውኛል፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደርሻለሁ። የመጣሁትም ለዚህ ነው።

በዚህ ሥራ ከአሥር ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ምንም አናገኝም። ጠርገን፣ ቆጥረን «ምንም የለም» ብለን እንጽፋለን። በሚቀጥለውም ወር ምንም የለም። በሚቀጥለውም። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ዜሮ የሚያገኝ ሰው፣ አንድ ቀን ሳይለካ ዜሮ ለመጻፍ እጁ ይቀልለዋል። ሁለቱ ዜሮዎች ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። ማንም አይቶ አይለያቸውም። የሚለያቸው የጻፈው ሰው ኅሊና ብቻ ነው።

የራሴን ልናገር። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዓርብ ከሰዓት አንድ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ዜሮ የተመዘገበበት ክፍል ነው። መጥረግ ያለብኝ 12 ቦታ ነበር፤ ዘጠኙን ጨረስኩ። የቀሩት ሦስቱ ከካርቶን ክምር ኋላ ናቸው። ክምሩን ለማንሣት ሰነፍኩ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ዜሮ ጽፌዋለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ያዘኝ። የጻፍኩትን ሰረዝኩና ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመርኩ።

ከሦስቱ አንዱ የመሳቢያ እጀታ ነበር። ገና ሳልጠርገው የጋይገር መሣሪያው ጮኸ። አንድ ተማሪ ፎስፎረስ የነካ ጓንቱን ሳያወልቅ መሳቢያውን ከፍቶ ነበር። እጀታው ብቻ አልነበረም፤ ከእጀታው ሥር ወለሉ ላይም ነጠብጣብ ነበረ። መጠኑ ሰው የሚጎዳ አልነበረም፤ በሳሙናና በወረቀት ደጋግመን አጥበን አጠፋነው። ነገር ግን በዚያ ወለል ላይ በየሌሊቱ የሚያልፍ ሰው ነበረ፤ የጽዳት ሠራተኛ።

በዚያው ምሽት 4 ሰዓት ላይ መሣሪያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት። ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ አየኋትና ገና ከሩቅ አወቅሁ፤ የአገሬ ሰው ናት። ሰላም ተባባልን። እትዬ ብዬ ነገሩን በአማርኛ አስረዳኋት። ጫማዋን፣ እጇን፣ የመጥረጊያዋን ጭራ፣ የጋሪዋን መንኮራኩር አንድ በአንድ ለካሁ። ንጹሕ ነበር። ድምፁን እንድትሰማው መሣሪያውን ሰጠኋት፤ አልፎ አልፎ ጠቅ የሚለው የምድርና የሰማይ የተፈጥሮ ጨረር እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድሜ፣ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ። በሩ ላይ ያለውን ምልክት ባየሁ ቁጥር እያማተብኩ ነው የምገባው። እስከ ዛሬ ጫማዬን የለካልኝ ሰው የለም።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ፈርታለች። የእኛ ክፍል መዝገብ ላይ ግን ያ ሁሉ ዜሮ ተጽፏል። ዜሮው እውነት ነበር፤ ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። ስለዚህ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ለሥራዬ ሁለት ደንብ አለኝ። ያልለካሁትን አልጽፍም። የለካሁትን ደግሞ ለሚመለከተው ሰው ሳልናገር አልሄድም።

ጨረር ያለበትን ነገር የሚጠብቅና የሚለካ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የተተወ የካንሰር ሕክምና ሕንፃ ነበረ። ውስጡ ሲዚየም 137 የያዘ መሣሪያ ሳይነሣ ቀረ። ሁለት ሰዎች ብረቱ ዋጋ ያወጣል ብለው ፈትተው ወሰዱት፤ ለብረታ ብረት ነጋዴም ሸጡት። የእኛን አገር ቁራሌውን፣ ምናለሽ ተራን አስቡ፤ ነገሩ ያው ነው። ነጋዴው በሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ተደነቀ፤ ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳየ፣ ለዘመድም ቆንጥሮ ሰጠ። ሰዎች ገላቸውን ቀቡት። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በነካችበት እጇ ምግብ በላች። ቤተሰቡ ተራ በተራ ሲታመም የነጋዴው ሚስት «ይህ ነገር ነው የሚገድለን» ብላ ጠረጠረች፤ በከረጢት አድርጋ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ አደረሰችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ሲቀርብ መሣሪያው ከልኩ አለፈ፤ የተበላሸ መስሎት ሌላ ለማምጣት ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየው።

አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃኗና ያቺ ሴት ከእነሱ መካከል ናቸው። 112,000 ያህል ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተለካ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። መሣሪያ ያልነበራት ሴት ናት ነገሩን የደረሰችበት። ስለ እሷ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ሩቅ አገር ነው እንዳትሉ፣ እዚሁ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በሲያትል፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሚጠቀምበት የምርምር ሕንፃ፣ የሲዚየም መሣሪያ ሲነሣ ምንጩ ተቀደደ። 13 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፤ ጤናቸውን የሚያሰጋ መጠን አልነበረም፤ ሕንፃው ግን ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። አሁን ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች የሲዚየም መሣሪያዎችን አስወግደው በኤሌክትሪክ በሚሠሩ የራጅ መሣሪያዎች እየተኩ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ሶኬቱ ሲነቀል ጨረሩ የሚጠፋ መሣሪያ ማንም ቁራሌው ቢወስደው ሰው አይገድልም።

ኮሌጅ ለምትገቡ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። የሁለት ወይም የአራት ዓመት የሳይንስ ትምህርት ይዞ መጀመር ይቻላል፤ ቀሪውን ሥራው ላይ ትማሩታላችሁ፤ ከዚያ በብሔራዊ ደረጃ የሚሰጠውን የቴክኒሻኖች ፈተና መውሰድ ትችላላችሁ። ሂሳብ ያስፈልጋል፤ የሚከብደው ግን እሱ አይደለም። የሚከብደው ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ካርቶኑን ማንሣት ነው። ያን ማድረግ የሚችል ልጅ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ መጥቶ ያናግረኝ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ዛሬ ሌሊት ወደ ሥራ የምትሄዱ እናቶችና እኅቶች አላችሁ። በሩ ላይ ቢጫ መደብ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ስታዩ ቆም በሉና አንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊና የጨረር ደኅንነት ክፍሉ ስልክ እዚያው በሩ ላይ ተለጥፏል። የጨረር ምልክት ያለበት ከረጢት ወይም ቅርጫት አታንሡ፤ የእናንተ ሥራ አይደለም። ፈሳሽ ፈስሶ ካገኛችሁ አትጥረጉ፤ ሌላ ሰው እንዳይረግጠው ከልክሉና ደውሉ። ስለ ደኅንነት ጥያቄ በማንሣቱ አሠሪ ሠራተኛን መቅጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህን የሚገልጸው ማስታወቂያም ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትተዉት። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፤ «መጥታችሁ ጫማዬን ለኩልኝ» በሉ።